በተራ የሚዞረው ዋንጫ

ዝናብ ሰውን ከማያስበው ቤት ያስገባዋል። የሰፈሩ የቲያትር ውድድር ዋና ዳኛ የሆኑት አዛውንት ልብስ ሰፊ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላቸውን ረስተው ባይወጡ ኖሮ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ የሚገቡበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ አናታቸው ላይ የተረፈችውን ጥቂት ፀጉር ባለቤታቸው በቤት መቀስ ማስተካከል ከጀመሩ ቆይተዋልና። ሰፈሩ ጋሼ ሚዛን ይላቸዋል። ለማንም ሳያዳሉ ስለሚፈርዱ ነው ይባላል። እርሳቸውም ስሙን ይወዱታል፤ ሲጠሩበት አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ደህና አድርጎ ሳያርስዎት ይግቡ» አላቸው ፀጉር አስተካካዩ፣ ወንበሩን በፎጣ እያራገፈ።

ጋሼ ሚዛን ገብተው ተቀመጡ። ቀና ብለው መስታወቱን ሲያዩ ከራሳቸው ፊት በፊት ዓይናቸው ያረፈው መደርደሪያው ላይ በተቀመጠ አንድ ዕቃ ላይ ነበር። ሁለት ጆሮ ያለው የነሐስ ዋንጫ ነው። ውስጡ ማበጠሪያ፣ መቀስና ያረጀ ብሩሽ ታጭቆበታል።

«ይህ ባለፈው ዓመት በገዛ እጄ ያስረከብኩህ አይደለም ወይ?»

«ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ማበጠሪያ ይሰካበታል?»

ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን አጥፎ ዘረጋው፤ ዘርግቶም አጠፈው። «ጥልቀቱ ተስማማኝ» አለ በመጨረሻ። «ፊት የማስቀምጥበት ጣሳ ዝጎብኝ ነበር።»

ከወደ ጥጉ ሳቅ ተሰማ። አግዳሚው ላይ፣ የተጠቀለሉ የውድድር ማስታወቂያዎችን ጭኗ ላይ ይዛ፣ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። የጋሼ ሚዛን የእህት ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ቲያትር ታስተምራለች፤ ዘንድሮ ደግሞ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ማኅበር ከሦስቱ ዳኞች አንዷ አድርጓታል። ማስታወቂያ ልትለጥፍ መጥታ እርሷንም ዝናብ ይዟታል።

«አንቺም እዚህ ነሽ?» አሉ አጎቷ። «ይህን ነውር እያየሽ ትስቂያለሽ?»

«በነውሩ አይደለም አጎቴ፣ በጣሳው ነው የሳቅኩት» አለች ተነስታ ጉንጫቸውን እየሳመች። «ግን እስቲ ለምን እንዲህ እንዳደረገው ይጠይቁት። ያለ ምክንያት ዋንጫ የሚንቅ ሰው የለም።»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ በሩ አየ። ዝናቡ ገና ነው፤ ማምለጫ የለም። «እንዲህ ነው ጋሼ። ያመጣሁ ሰሞን መስታወቱ መሐል፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አስቀምጬው ነበር። አንድ እንግዳ ደንበኛ ምን ሠርተህ አገኘኸው አለኝ። ቲያትር አልኩት። ከቲያትሩ የቱ ክፍል ነው ያሸለማችሁ ሲለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። የሱቆቹ ቡድን ተራ ስለነበረ ነው ብዬ እንዴት ልንገረው? ከዚያ ወዲያ ባየሁት ቁጥር ያ ሰውዬ እንደገና የሚጠይቀኝ ይመስለኛል። ማበጠሪያ ስከትበት ጊዜ ዕቃ ሆነና ተገላገልኩ።»

እዚህ ላይ ስለ ተራው ነገር ለአንባቢ ሳይነግሩ ማለፍ አይቻልም። በዚያ ሰፈር አራት የቲያትር ቡድኖች አሉ፤ የሱቆቹ፣ የአናጢዎቹ፣ የሾፌሮቹና የዳቦ ቤቱ። በየዓመቱ አራቱም በአዳራሹ ይወዳደራሉ፤ ዳኞቹም ፊት ወንበር ላይ ኮስተር ብለው ይቀመጣሉ። ማኅበሩ በየዓመቱ አዲስ ዋንጫ ይገዛል፤ ነገር ግን ዋንጫው የሚሄደው በተራ ነው። ይህ በአዋጅ አልተነገረም፤ ሆኖም የማያውቀው የለም። ባለ ተራው ቡድን እንደ ምንም ተንተባትቦ ይወርዳል፣ ሌሎቹ ለአጨብጫቢነት ይመጣሉ፣ ሁሉም በሰላም ወደየቤቱ ይገባል። ዘዴውን ያመጡት ጋሼ ሚዛን ናቸው።

«አጎቴ» አለች ልጅቱ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ «አይቆጡኝና ነገ ዳኛ ሆኜ ስቀመጥ የማየው ቲያትሩን ነው ወይስ ተራውን?»

«ሁለቱንም እይ፤ ስትፈርጂ ግን ለሰላም ፍረጂ። የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም። ያን ጊዜ እኛም እንደ እናንተ እንደ ተማራችሁት እውነቱን እንፍረድ አልን። ዋንጫውን ለሱቆቹ ሰጠን። ምን ሆነ መሰለሽ? እኔ ዓይኔ እስኪፈዝ የሰፋሁት መጋረጃ ተተረተረ። አንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። አብሮ አደጌ አናጢው፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ያደግን ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጠም። ስታመም እንኳ አልጠየቀኝም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከዚያ ነው ለሁሉም በየተራው ይድረስ ያልኩት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ማን ተጣላ?»

«ማንም አልተጣላም። ለመጣላትም እኮ አንድ ነገር መውደድ ያስፈልጋል» አለች በርጋታ። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደንበኛ ኮት ሊያሰፋ ሲመጣ ትከሻውን ይለኩታል ወይስ የዛሬው ተራ የሰፊ ኮት ነው ብለው ያለብሱታል?»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስታወቱ ዞረ፤ መስታወት ግን ሳቅ አይደብቅም።

«ኮትና ሰው አንድ አይደለም» አሉ ጋሼ ሚዛን። «ሰውን አነስክ ብትይው ይቀየማል።»

«ኮቱ ጠቦታል ሲሉትስ አይቀየምም?»

«የት ላይ እንደጠበበው አሳየዋለሁ እንጂ ዝም ብዬ መች እመልሰዋለሁ? ብብቱ ጋ ነው፣ ይህን ያህል እለቅልሃለሁ እለዋለሁ። ያኔ ምን ይቀየማል?»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

ጋሼ ሚዛን መልሱ ከራሳቸው አፍ እንደወጣ የተረዱት ትንሽ ቆይተው ነው። ክርክር ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አለ፤ ሰው ራሱ ቆፍሮት ራሱ ይገባበታል። ቢሆንም በዋዛ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም ብለዋል አባቶች።»

«ዝም የሚለው ሰው ላይነቅዝ ይችላል አጎቴ። ዝም የተባለው ሰው ግን ልቡ ይነቅዛል። እስቲ ያቺን የዳቦ ቤቷን ሴትዮ ያስቧት፤ ሊጥ የምታቦካዋን።»

«የቷን?»

«ካቻምና ልጇ የጠፋባትን እናት ሆና የሠራችውን። ልጇ ይመጣል ብላ በየማታው ሁለት ሳህን ታቀርብና አንዱን ሳይነካ ታነሳለች። ቃል አትናገርም፣ ሳህኑን ብቻ ታነሳለች። አዳራሹ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም።»

«እኔ አልቅሻለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ለጋሼ ሚዛን ግን ትዝ አላላቸውም። ልጅቱ ትዝ ያላላቸው ለምን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ትበለው አትበለው ከራሷ ጋር ስትሟገት ቆየች።

«ያን ቀን አጎቴ፣ ከኋላዎ ተቀምጬ ሲያንኮራፉ ሰምቻለሁ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ እየሰማሁ ነበር» አሉ ቆጣ ብለው። ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሁን። ማን እንደሚሸለም አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው መተኛት ምን ነውር አለው? ግን በዚያው ቀን ዋንጫው ለማን እንደተሰጠ ያስታውሳሉ? ለሾፌሮቹ ነው። ዋናው ተዋናያቸው መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ሳይደርስ ቀርቶ ቲያትራቸው ጭራሽ አልቀረበም። ያልታየ ቲያትር አንደኛ ወጣ። ሴትዮዋ አምና አልመጣችም። ለምን ስላት ምን አለችኝ መሰለዎ? ‹ሊጥ እንኳ ሲለፉበት ኩፍ ይላል፤ እዚያ መድረክ ላይ ግን ብለፋም ባልለፋም ያው ነው።› ዘንድሮ ለምኜ ነው የመለስኳት። ነገ ደግሞ ተኝተው ቢያሳልፏት ሁለተኛ አልለምናትም፤ እርሷም ሁለተኛ አትመጣም።»

ከሁሉ ይልቅ ይህ የሊጥ ነገር ሽማግሌውን ነካቸው። እርሳቸውም የእጅ ሥራ ሰው ናቸው፤ የተለፋበት ሥራ ሳይታይ መቅረቱ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ነገር ግን በሌላ ወገን የሚያስፈራቸው ነበረ። የዘንድሮው ተራ የአናጢዎቹ ነው። ዋንጫው ለሌላ ቢሰጥ አብሮ አደጋቸው እንደገና ይቀየማል። ያን ጊዜ ጎልማሶች ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ቢኮራረፉ ለመታረቅ ጊዜ ነበራቸው። አሁን በዚህ ዕድሜ ከተኳረፉ ማን ቀድሞ ማንን እንደሚቀብር አይታወቅም። ይህንን ሳይሸሽጉ ለልጅቱ ነገሯት።

«አናጢው የተቀየሙት በመሸነፋቸው እንደሆነ በምን አወቁ?» አለች። «ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ?»

«ካልተጠየቀማ አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ ጠቡን ተራ አለበሱት እንጂ አላወጡትም።»

መልስ ያጣ ሰው ኮፍያውን ይፈልጋል። ጋሼ ሚዛን ኮፍያቸውን አደረጉ፣ ዝናቡ አባርቷል አሉ፣ ገና እያካፋ ሳለም ወጡ።

እግራቸው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ አናጢው የእንጨት ሥራ ቤት ወሰዳቸው። ደጁ በእንጨት ፍቅፋቂ ተሸፍኗል፤ ውስጡ የሙጫ ሽታ አለ። አናጢው ለነገው መድረክ በር እያበጀ ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ ለጥቂት ደቂቃ የሚቆም በር ነው፤ እርሱ ግን ሰው ሊኖርበት እንደሚገባ ቤት በር አድርጎ ልጎታል። ጋሼ ሚዛንን ሲያይ በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገላቸው። በእነርሱ መሐል አንቱታ የለም።

«ምነው በስብሰሃል?» አለ አናጢው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ መጥቼ ነው። እንዳትቀየመኝ።»

«ገና ሳትናገር ካስማልከኝ ነገሩ ከባድ ነው። በል።»

«የዚያን ጊዜ፣ በመጀመሪያው ውድድር። ሁለት ዓመት የተኮራረፍነው ዋንጫውን ስለ ነፈግንህ ነው?»

አናጢው መላጊያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በሩን በመዳፉ ዳበሰው።

«ዋንጫውንማ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሰጠኸኝ» አለ። «ይኸው፣ ሚስማር አስቀምጥበታለሁ።» በአገጩ መስኮቱ ላይ ወደተቀመጠው ዋንጫ አመለከተ። እውነትም ሚስማር ሞልቶበታል። «እኔ የተቀየምኩት በዋንጫ አይደለም። ያን ዕለት ሰው ከወጣ በኋላ ከአዳራሹ በር ላይ ጠብቄህ፣ ወንድሜ ምን ጎደለኝ ብዬ ጠየቅኩህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

ጋሼ ሚዛን ያስታውሳሉ። «ሆድ ይፍጀው አልኩህ።»

«ሆድ ይፍጀው አልከኝ። ሆዴ ግን አልፈጀውም። ድምፄ ነው? መልኬ ነው? ወይስ ከመጀመሪያው ለመድረክ የማልሆን ሰው ኖሬ ነው ወዳጄ ሊነግረኝ ያፈረው? ስል ስል፣ ሰው ፊት መቆም ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ በር ነው የምሠራው፤ በበሩ የሚገቡት ሌሎች ናቸው።»

ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ኮፍያ አዞሩት። እንዲህ ያለ ሐፍረት ተሰምቷቸው አያውቅም።

«የጎደለህ አንድ ነገር ነበር» አሉ። «በቲያትሩ መጨረሻ ላይ፣ የወንድምህን ሞት ስትሰማ፣ ዞር ብለህ ግድግዳው ላይ አለቀስክ። ጀርባህን ነው ያየነው። ፊትህን አላየንም። አዳራሹ ሙሉ ሰው አብሮህ ሊያለቅስ ተዘጋጅቶ ፊትህን አጣው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ከዚያ በቀር ከሁሉ የምትበልጠው አንተ ነበርክ።»

አናጢው ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። «ዞር በል ብትለኝ ኖሮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዞር ነበር እኮ።»

አንዲት ቃል በጊዜዋ ባለመነገሯ አንድ ሰው ዕድሜውን ከመጋረጃ ጀርባ አሳለፈ፤ ሌላው ደግሞ ሰላም አወረድኩ እያለ ሲኮራ ኖረ። ክፋት ያሰበ የለም። አብዛኛው በደል የሚሠራው በይሉኝታ ነው።

«ነገ ተራው የእናንተ ነው» አሉ ጋሼ ሚዛን በመጨረሻ።

«ተራችን ስለሆነማ ልጆቹ አንድ ቀን አልተለማመዱም። ዋንጫው እጃችን ላይ ነው ይሉኛል። በል ስማኝ፣ ወንድሜ ከሆንክ ነገ ያየኸውን ፍረድ። ግን እንደዚያ ቀን ዝም ብለኸኝ እንዳትሄድ።»

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሼ ሚዛን መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ተነስተው ተራ የሚባለው ነገር ከዛሬ ጀምሮ መቅረቱን፣ ዳኞቹም ለእያንዳንዱ ቡድን ያማረውንና የጎደለውን በሰው ፊት እንደሚናገሩ አስታወቁ። ከአናጢዎቹ ወገን አንድ ጎረምሳ «ዘንድሮ እኮ የኛ ነው» ብሎ ሲነሳ አናጢው በክርኑ ጎሸም አድርጎ አስቀመጠው። ሽማግሌው ያን ቀን ዓይናቸውን አልጨፈኑም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ መድረክ ላይ ስትወጣ ደግሞ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ነበሩ። ዘንድሮ ዓይኗ የጠፋ አሮጊት ሆና፣ የልጅ ልጇን ፊት በጣቶቿ ዳብሳ ስትለየው፣ መሐረባቸውን አወጡ።

ሦስቱ ዳኞች ተመካከሩና አንድ ልብ ሆኑ። ጋሼ ሚዛን ዋንጫው ለዳቦ ቤቱ ቡድን እንደሆነ ተናገሩ፤ ለምን እንደሆነም፣ ስለ ጣቶቹ፣ ስለ ዝምታዋ፣ አብረዋት የሠሩት እንዴት እንዳልተሻሟት አስረዱ። ሴትዮዋ ዋንጫውን ከመቀበሏ በፊት እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ዱቄት ያለባት መስሏት ነው። ከኋላ ግን ጉርምርምታ ተነሳ፣ አግዳሚ ተንቋቋ። መጋረጃው የተተረተረበት ቀን በሽማግሌው ዓይን ላይ ድቅን አለ።

ያን ጊዜ አናጢው ቆመ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ጋሼ ሚዛን» አለ፣ በሰው ፊት ስለሆነ በማዕረጋቸው ጠርቶ፣ «እኛስ ምን ጎደለን?»

ሆድ ይፍጀው የምትለዋ ቃል አፋቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጧት።

«በራችሁ» አሉ፣ «ከዚህ አዳራሽ በር ይሻላል። እንዲህ ያለ ዕቃ መድረካችን ላይ ቆሞ አያውቅም። ነገር ግን በዚያ በር የገባው ልጅ ምን ሊናገር እንደመጣ ረስቶት ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ቃሉን እጅጌው ላይ ጽፎ ሲያነብ አይቻለሁ። ድምፁ ግን መልካም ነው፤ ቢለማመድ ከሁሉ ይሰማል።»

በመጀመሪያ የሳቀው ያው ባለ እጅጌው ጎረምሳ ነው። አናጢው «ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ» አለና ሳይቀመጥ ፊቱን ወደ ሴትዮዋ መልሶ አጨበጨበ። አዳራሹም ተከተለው። መጋረጃው በደህና ዋለ።

ጋሼ ሚዛን በመውጫው ላይ የእህታቸውን ልጅ ክንድ ያዙ። «ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው የሚሉት እውነት ነው» አሏት። እርሷም ጆሮ ባይኖር ቀንዱን ማን ይሰማው ነበር ብላ መለሰችላቸው፤ የተማረ ሰው ሲያሸንፍ እንዲህ ለስለስ ቢል ያምርበታል።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ብዙ ነገር ተለወጠ። ቡድኖቹ ውድድሩ ወራት ሲቀረው መለማመድ ጀመሩ። ሾፌሮቹ ተዋናያቸውን ዋዜማውን አምጥተው ያሳድሩታል። የጎደለው በሰው ፊት ስለሚነገር ሐሜት ሥራ ፈታ፤ የሚታማው ነገር አስቀድሞ ተነግሮ ያልቃልና። ኩርፊያ ጨርሶ ጠፋ ማለት ውሸት ይሆናል፤ ግን ሰው የተቀየመበትን ያውቀዋል፣ ያወቀውን ደግሞ ሊያርመው ይችላል። የተሸነፈ ሰው ምክንያቱን ይዞ ቤቱ ከገባ ባዶ እጁን አልገባም። ፀጉር አስተካካዩም ማበጠሪያዎቹን አዲስ ጣሳ ገዝቶ አዛወረ፤ ዋንጫውን አጥቦ ለማኅበሩ መለሰ፣ አንድ ቀን ሠርቼ እወስደዋለሁ ብሎ።

በሚቀጥለው ዓመት ውድድር፣ በአናጢዎቹ ቲያትር መካከል ያ የተላገ በር ተከፈተና አናጢው ራሱ ገባ። ልጁን ከቤት ያባረረና የሚጸጸት አባት ሆኖ ነው የሚሠራው። ልቅሶው ሲደርስ፣ በጥንት ልማዱ ትከሻው ወደ ግድግዳው ዞር ማለት ጀመረ። ፊት ወንበር ላይ ያሉት አዛውንት ትንፋሻቸውን ያዙ።

አናጢው ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ሰዉ መለሰ።

የዚያን ዓመት አናጢዎቹ ሁለተኛ ወጡ። ሰው ከተበተነ በኋላ አናጢው የአዳራሹ በር ላይ ጠበቃቸውና «ወንድሜ፣ ምን ጎደለኝ?» አለ። ጋሼ ሚዛን ነገሩት። እርሱም አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ እየተከራከሩም አብረው ወደ ቤት ሄዱ።